ጽዮንና የቆርቆሮ በራችን

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሀና ማርያም ባለችው ጠባብ ግቢያችን በረንዳ ላይ ይቀመጥና ዳዊቱን በግዕዝ ጮክ ብሎ ይደግማል። ድርሻው በየዕለቱ የተመደበ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። ሁለት የማይሻሩ ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ ከጀመረ እስኪጨርስ ከሰው ጋር አይነጋገርም። ወተት የምታመጣው ሴት ብትመጣ በጣቱ ያሳያታል፤ ውሃ ቢመጣ በቅንድቡ ይጠራኛል። ሁለተኛ፣ አንዲት መስመር አይዘልም። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ቢዘጋ እንኳ እያሳለ ይወጣታል።

ልጅ ሆኜ የሚያስቸግሩኝ ስለ ጽዮን የሚናገሩት መዝሙሮች ነበሩ። ከተማ እንደ ሴት ታለቅሳለች፣ እንደ እናት ትወልዳለች፣ ትዘረፋለች፣ ልጆቿን ትጣራለች። ምን ዓይነት ከተማ ናት? አንዱን ስጠይቅ እመቤታችን ናት ይለኛል፤ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ናት ይላል፤ ሌላው ደግሞ በሰማይ ያለችው ናት ብሎ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ግድግዳ የምትጋራን ጴንጤዋ ጎረቤታችን በበኩሏ ስለዚህችው ጽዮን ከደቡብ ባመጣችው ዜማ እያጨበጨበች ትዘምራለች። የአባቴ መልስ ግን አጭር ነበር።

«ጽዮን ማለት አምባ መጠጊያ ናት። የተሳደደ ሮጦ ይገባባታል፤ በሩ ከኋላው ይዘጋለታል።»

ይህ የሚያምር መልስ የሠራልን እናቴ ላይ ያ ነገር እስኪደርስ ድረስ ነው።

እናቴ ለቡ መብራት ኃይል ጉሊት ነበራት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ትሸጣለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ በሞተር የመጡ ሁለት ጎረምሶች ቦርሳዋን መነተፏት። ማንገቻው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር አልላቀቅ አለ። አስፋልቱን አስይዘው ጎተቷት። ያዩ ሰዎች እንደነገሩን፣ ከኋላ የተቀመጠው ዞር ብሎ አይቷታል። አይቶም በጫማው ፊቷን ደጋግሞ ረገጣት፤ ማንገቻው የተበጠሰው ያኔ ነው። ግማሽ ፊቷ ተገሽልጦ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ነው ያገኘናት። ፊቷ ጠባሳ ይዞ ዳነ፤ ዳሌዋ ግን አልገጠመም። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ዓለም ከበረንዳው ጀርባ ያለችው ክፍል ሆነች። ጎረምሶቹ አልተያዙም።

በቅዳሜው ድርሻ ውስጥ የምርኮኞቹ መዝሙር አለ፤ በባቢሎን ወንዝ ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ የሚያለቅሱት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ለቅሶውን ነው። ሰባኪ ሲያነሳው፣ ዘማሪ ሲያዜመው ወንዙንና እንባውን ይዞ ይሄዳል። መጨረሻውን የሚያነሳ አላጋጠመኝም። መጨረሻው ላይ ያ ሲያለቅስ የቆየ ሰው ድንገት ቀና ይልና፣ የባቢሎንን ሕፃናት አንስቶ ዓለት ላይ ለሚፈጠፍጥ ሰው ብፅዕና ይመኛል። አለቀ። ሌላ ማለዘቢያ የለውም።

አባቴ ድሮ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልጎመጉማታል እንጂ አያወጣትም ነበር። ሕፃናቱ ክፉ ሐሳቦች ናቸው፣ ሳያድጉ ቀጥቅጣቸው ማለት ነው ብሎ ትርጓሜውን ነግሮኛል። እናቴ ከተሰበረች በኋላ ግን ድምፁ ወጣ። ቃል በቃል፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በራችንን አልፎ መንገድ ላይ እስኪሰማ ይላታል። የሐሳብ ነገር ቀረ። እሱም እኔም ያ ሞተር ነበር የሚታየን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግዕዝም አታውቅም፤ ያችን መስመር ግን ከድምፁ ለይታ ታውቃታለች። ሲደርስባት ከውስጥ «እሰይ!» ትላለች። እኔ ደግሞ ቅዳሜን እንደ ዓመት በዓል እጠብቅ ነበር። ጽዮን የገባችኝ ያኔ መሰለኝ፤ የተረገጠች ከተማ ናት፣ የሚወዷት ሰዎች ደግሞ ረጋጮቿን ይጠላሉ፣ መውደዱና መጥላቱ አንድ ትንፋሽ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ በዳዊቱ የባቢሎን ወንዝ ዳር ደርሶ ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ከአስፋልቱ በኩል «ሌባ! ያዘው! በለው!» የሚል ጩኸት መጣ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ በራችንን በርግዶ ገባ። አንድ እግሩ ባዶ ነው። የግራ ጆሮው ግማሹ ተንጠልጥሏል፤ ደሙ ቲሸርቱን አልፎ ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል። በረንዳው ላይ ተደፍቶ የአባቴን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጁ ጨመደደ።

«አባባ፣ ገደሉኝ» አለ።

አባቴ አልመለሰለትም፤ እየደገመ ነዋ። መጽሐፉን አጥፎ በብብቱ ያዘ፣ እግሩን አላቀቀ፣ ሄዶ በሩን ገፋው። መቀርቀሪያውን ጥሎ በጀርባው ተደገፈው። ልጁም እየዳኸ ተከትሎ እግሩን መልሶ ያዘ። የአባቴ አፍ ግን አላረፈም፤ የቀረውን በቃሉ ቀጠለ።

ሰዉ ደረሰ። ቆርቆሮው በድንጋይ ተቀጠቀጠ፣ በርግጫ ወደ ውስጥ ተቀለበሰ።

«አባባ፣ ያውጡት! ሌባ ነው!»

ድምፁን አወቅሁት። በራችንን ራሱ የበየደልን፣ እናቴን ያን ቀን በጀርባው ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሳት፣ ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤታችን ነው።

«እማማን ያደረጓቸውን ረሱት እንዴ፣ አባባ? ያውጡትና እንጨርሰው!»

እኔ አልረሳሁም። «አባዬ፣ ክፈትላቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ይጨርሱት! ምን አገባህ?» ከልቤ ነበር። ሄጄ መቀርቀሪያውን ያዝኩ። አባቴ በክርኑ ደረቴን መታኝ፤ በሕይወቴ መትቶኝ አያውቅም። እንደገና ያዝኩት። በዚህ መሃል በበሩ ስንጥቅ የፌሮ ብረት ገብቶ ክንዱን ከላይ እስከ ታች ሸረከተው። ከአጥሩ በላይ ድንጋይ ይዘንባል። አንዱ የልብስ ሳፋውን ሰበረው። አንዱ አባቴን ግንባሩ ላይ አገኘው። ተንገዳገደ፣ ግን አልወደቀም፤ ደሙ በቅንድቡ ወርዶ አፉ ውስጥ እየገባ ከቃሉ ጋር ይረጫል።

ያቺ መስመር ደረሰች። ከየትኛው ቃል ቀጥላ እንደምትመጣ በደንብ አውቃለሁ፤ ስንት ቅዳሜ ጠብቄያታለሁ። አባቴ ዝም አለ። ቁልቁል አየ። ልጁ ግንባሩን አባቴ ጫማ ላይ ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። አባቴ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ቀጣዩን መዝሙር ጀመረ።

ዘለላት። መቀርቀሪያውን ይዞ የነበረው እጄ ለቀቀ።

ፖሊሶች መጥተው ሰዉን እስኪገፉልን ድረስ በሩ ላይ ቆመ፤ ድርሻውንም እዚያው ጨረሰ። ልጁ ሲፈተሽ የሴት ስልክ ካልሲው ውስጥ ተገኘ። ሌባ ነበር እንግዲህ፤ በስህተት የተባረረ ምስኪን ቢሆን ኖሮ ለሁላችንም ይቀለን ነበር። እያወጡት ሳለ በያጁ በፖሊሶቹ መሃል ተሹለክልኮ አፉን በርግጫ አለው። ሁለት ጥርስ ደጃፋችን ላይ ቀረ፤ በኋላ በመጥረጊያ የጠረግሁት እኔ ነኝ። በያጁ አባቴን ለብዙ ጊዜ ሰላም አላለውም።

የአባቴን ግንባር አጥቤ፣ ክንዱን በነጠላ ጨርቅ አስሬ ወደ ውስጥ አስገባሁት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ዛሬ አንዷን ዘለልካት» አለችው።

አባቴ አልጋዋ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የእኔን ነው የዘለልካት።»

«ልጁ እግሬ ላይ ነበር» አላት።

«እኔስ? እኔ አስፋልት ላይ ስጎተት በሩን ማን ዘጋልኝ?»

አባቴ የታሰረውን ክንዱን እያየ ቀረ። አባቴ እውነት አለው፤ ይህን ስል ግን የእናቴን ፊት ማየት አልችልም። የጽዮን በር ለሮጠ ሁሉ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሮጣ መግባት ላልቻለችው ምን ተረፈላት? ያቺ አንዲት መስመር ነበረቻት። እሷንም ወሰድንባት።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። ምግቧን ከእኔ እጅ ብቻ በላች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ግንባሩን እንደታሰረ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ወንዙ ዳር ደረሰ። ለቅሶው አለፈ። ያቺ መስመር ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አልዘለላትም፣ አላላትምም። እኔ ደጅ የያዝኩትን ባልዲ አስቀመጥኩ።

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ መጣ። ያቺን መስመር፣ ትርጉሙን ቃል በቃል የማታውቀውን ግዕዝ፣ በጆሮዋ ብቻ የለቀመችውን፣ ግማሹን እያጣመመች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለቻት። እያለቀሰች ነበር። አባቴ ጣቱን መስመሯ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቃት።

ስትጨርስ ቀጣዩን ጀመረ።