የመንገደኛው ጋን

አባቴ ከደጋ ወርደው እዚህ ቆላ ሲሰፍሩ መጀመሪያ የሠሩት ቤት አይደለም፤ ጉድጓድ ነው። ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛሬ ሰሊጥ የሚዘራበት ሁሉ ያን ጊዜ ጫካ ነበር። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ ድንጋይ መጣ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ለሚካኤል ተሳሉ፦ «ውሃ ከሰጠኸኝ ከደጄ ላይ ለመንገደኛ ጋን አቆማለሁ። እኔም ልጄም በሕይወት እስካለን አይነጥፍም።» ድንጋዩን ትተው በጎኑ ዞረው ቢቆፍሩ ውሃው ወጣ። ጋኑም ቆመ።

ጋኑ ሱዳኖች ዚር የሚሉት ነው፤ ገላው ላብ እያወጣ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ፀሐይ እንዳያገኘው አባቴ ዝቅ ያለ የሣር ዳስ ሠሩለት፤ ስለዚህ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ይላል። ቅሉ በገመድ ተንጠልጥሏል። ክርስቲያን ይጠጣ፣ እስላም ይጠጣ፣ ሌባ ይጠጣ፣ ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። አባቴ ሲሞቱ «እንዳይነጥፍ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጣሊያን መተማን ከያዘ በኋላ በእኛም መንደር ጥቂት ወታደር አስቀመጠ። እነሱም ውሃ ሲፈልጉ የአባቴን ጉድጓድ አገኙ። አጥራችንን አፍርሰው ጉድጓዱን በሽቦ ከለሉት፤ ቤታችን ከሽቦው ወዲህ፣ ጉድጓዳችን ከሽቦው ወዲያ ሆነ። በሩ ላይ አንድ ባንዳ ጠመንጃ አስይዘው አቆሙ። ሕጉም ተነገረ፦ ውሃ የሚፈልግ አባወራ ራሱ ይመጣል፤ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ለባንዲራቸው ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያ አንድ እንስራ ይቀዳለታል።

ጎረቤቱ ሁሉ ዘረጋ። አልፈርድበትም፣ ልጅ ያለው ሰው ነው። እኔም ልጅ ነበረኝ፤ እጄ ግን እንቢ አለ።

በመጀመሪያው ቀን እንስራ አዝዬ ሄድኩ። እንስራ የሴት ሸክም ነው፣ እሱንም ያሸከሙን እነሱ ናቸው። ባንዳው የደጋ ሰው ነው፣ ከወገራ በኩል፣ አነጋገሩ ያስታውቃል።

«እጅህን» አለኝ።

«እጄ ምን ሆነ?»

«አንሳው።»

«ጉድጓዱን አባቴ ናቸው የቆፈሩት። አንተ ቤትህ ስትገባ ለበርህ እጅ ታነሳለህ?»

«ሰውዬ፣ በዚህ ፀሐይ አታድክመኝ። ወይ አንሳ፣ ወይ ሂድ።»

ሄድኩ። ባዶ እንስራ ከሙሉው ይከብዳል፤ ያላዘለ አያውቀውም።

ሚስቴ እንስራውን አይታ ሁሉም ገባት። «እጅ እኮ ነው» አለችኝ። «ዘርግተህ መልሰህ ታወርደዋለህ። የሚቆረጥ መሰለህ?»

«አንዴ ከተነሳ የኔ አይደለም።»

«ልጅህስ ምን ይጠጣ? ያ የአባትህ ጋንስ?»

እዚህ ላይ ያዘችኝ። በጋኑ ውስጥ የቀረው እስከ ማግስቱ ቢደርስ ነው። ከነጠፈ የአባቴ ቃል በኔ እጅ ፈረሰ ማለት ነው። እጄን ካነሳሁ ደግሞ ጉድጓዱ የነሱ ነው ብዬ በገዛ አካሌ መሰከርኩ ማለት ነው። የስለት ጋን በሐሰት ምስክርነት በተገኘ ውሃ ይሞላል? እኔ አይሞላም ባይ ነኝ።

የቀረው ወንዙ ነው። ወንዛችን በበጋ አሸዋ ነው፤ ውሃው ከሥር ተኝቷል። እሱንም ለማግኘት ሩቅ መሄድ፣ አሸዋውን እስከ ብብት መቆፈር፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ እስኪያጣራ መጠበቅ ያስፈልጋል። በእንስራ የሚዘለቅ አይደለም። ሱቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችን ይህን ሰምቶ አህያውን እየጎተተ መጣ። ጀርባዋ ላይ ሁለት ቅርባ ጭኗል፣ ውሃ የሚያዝበት የፍየል ቆዳ ነው።

«ከቤቴ ውሃ ልሰጥህ አልችልም» አለኝ፤ «እጄን አንስቼ የቀዳሁት ስለሆነ አንተ አትጠጣውም። አህያዋ ግን ለማንም እጅ አንስታ አታውቅም። ውሰዳት።»

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ፣ ፀሐይ ሳይከር እመለሳለሁ። መጀመሪያ የሚሞላው ጋኑ ነው፣ ከዚያ የልጁ፣ ከዚያ የእኛ። ጠላ መጥመቅ ቀረ። ልብስ ወንዝ ወርዶ ካልሆነ አይታጠብም። ሚስቴ እህል ያጠበችበትን ውሃ ለዶሮ፣ ዶሮ ያስተረፈውን ለጎመኑ ታደርገዋለች። እጇን ስትታጠብ ጠብታው ባክኖ እንዳይቀር ከሥር ሰፌድ የሚያክል ገበቴ ታስቀምጣለች፤ እኔን ግን አታናግረኝም። አንድ ቀን ብቻ ቅርባውን ሳወርድ አየችኝና «ትከሻህ ተላጠ» አለች። «እጄ ግን ደህና ነው» አልኳት። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረች።

ያ ጋን ታዲያ መንገደኛ ብቻ አይደለም የሚያጠጣው። ጫካ የገቡትም በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ማን ነህ አይባልም ብያለሁ። የጣሊያኑ አለቃ ይህን ከወሬኛ ሰማ፤ «ሽፍታ የሚያጠጣው ጋን ይሰበር» ብሎ አዘዘ። የተላከው ያው የጉድጓዱ ባንዳ ነው።

እኔ ከወንዝ ስመለስ ዳሱ አጠገብ ቆሞ ደረስኩበት። ከእኛው ጋር የምትኖረው እናቴ ከጋኑ ፊት ተቀምጣለች። አህያዋን ትቼ ዱላዬን ስጨብጥ እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

«እናቴ፣ ዞር ይበሉ» አላት ባንዳው። «ጋኑ ይሰበር ተብሏል።»

«ይሰበራል ልጄ። ከሩቅ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ ከዚያ ከጉድጓዱ ነው!»

«ቢሆንም ፀሐይ ነው። መጀመሪያ ጠጣ፤ ከዚያ ትሰብረዋለህ።»

ጣሊያኖቹ የጉድጓዱን ውሃ ጋዝ በነበረበት በርሜል ነበር የሚያጠራቅሙት፤ ይሞቃል፣ ይሸታል። ባንዳው ጋኑን አየ። ገላው ላብ አውጥቷል። ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ፤ አንድ ቅል ጠጣ፣ ደገመ። ከዚያ ጠመንጃውን አንስቶ ሰደፉን ወደ ጋኑ አዞረ። እንዲያው ቆሞ ቀረ።

«በል እንጂ» አለችው እናቴ።

«ምን አደረጉብኝ እናቴ?»

«ውሃ ሰጠሁህ።»

«አሁን የጠጣሁበትን እንዴት አድርጌ…»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልሰብር ብለህ የመጣኸው አንተ ነህ።»

ሰደፉን አወረደ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ነገ መጥቼ እሰብረዋለሁ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ መጣ። ጠጣ። «ነገ» አለ። በሰልስቱም እንዲሁ። ሚስቴ ከሩቅ ስታየው «ሰባሪው መጣ፣ ቅሉን እጠቡለት» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ፤ አለቃው ስባሪውን አምጥተህ አሳየኝ ብሎታል። እናቴ ከጓሮ ገባች። ዶሮ የሚያድርበት የተሰነጠቀ አሮጌ ጋን ነበራት። ዶሮዎቹን እሽ ብላ አስወጣችና በዘነዘና መታችው።

«ይኸው» አለችው፤ ስባሪውን በጆንያ ሞልታ። «ለአለቃህ የጋኑ ባለቤቶች ዶሮዎቹ ሰላም ብለውሃል በለው።»

እኔ በዚህ ተቆጣሁ። ሲሄድ ጠብቄ «ጋኑ አልተሰበረም፤ ለምን ተሰበረ እንላለን?» አልኩ።

«ለጣሊያን እውነት ልትናገር ነው?»

«ቆሞ ይዩት! ቆሞ ማየታቸው ነው ቁም ነገሩ።»

«ግንባርህ እንደ አባትህ ድንጋይ ነው» አለች እናቴ። «አባትህ ግን ድንጋዩን በጎኑ ዞረው ነው ውሃ ያወጡት።»

በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማሁም። ቢሆንም የማሽላ አገዳ አምጥቼ በዳሱ ፊት ከመርኩት። በመኪና ለሚያልፍ የአገዳ ክምር ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ግን ከጎን የተንጠለጠለውን ቅል ያያል። አለቃው በመኪና እንጂ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። ጋኑ አልነጠፈም። መደበቁ ግን እንደ እሾህ ውስጤ ይወጋኝ ነበር። አንድ ቀን ያን አገዳ አነሳዋለሁ እል ነበር።

ቀኑ መጣ። በመተማ በኩል መድፍ ሲያጉረመርም ከርሞ፣ ከሱዳን ወገን አውሮፕላን ሲመላለስ ሰንብቶ፣ አንድ ጧት ጣሊያን ወደ ጎንደር መሸሽ ጀመረ። የኛ መንደር ወታደሮችም ጓዛቸውን ጫኑ። ከመነሳታቸው በፊት ለሚመጣው ጠላታቸው ውሃ እንዳይተርፍ ብለው የአባቴን ጉድጓድ ጋዝ ደፉበት፣ የሞተ በቅሎ ጨመሩበት። እኔ ከወንዝ ስመለስ ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። አንዱን ቅርባ ከጋኑ ገለበጥኩ፤ ሁለተኛው አህያዋ ላይ ቀረ። ከዚያ አገዳውን አንድ በአንድ አንስቼ ወደ ማዶ ወረወርኩት። ሚስቴ በር ላይ ሆና «ዛሬ?» አለች። «እነሱ ሊሄዱ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ማን ሊያየው አነሳዋለሁ?» አልኳት።

የሚሸሸው የጣሊያን ሰልፍ ከመተማ በኩል መጣ። ጫማው የተበጠሰ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ወታደር። ጎንበስ እያለ ጠጣ። ስለት ነው፣ አልከለከልኩም፤ ጎንበስ ሲሉ ማየቱንም አልጠላሁትም። የጋኑ ውሃ ወደ ታች ሲወርድ የአለቃው መኪና ከደጃችን እንፋሎት እየተፋ ቆመ፤ ሆዱ ፈልቷል። ሹፌሩ ባልዲ ይዞ ወደ ጋኑ መጣ።

ፊቱ ቆምኩ። ሹፌሩ ገፋኝ፤ ወደቅሁ፤ ተነስቼ እንደገና ቆምኩ። አለቃው ወረደ። ጋኑን አየ። ከዚያ አብሮት የመጣውን ባንዳ አየ። ባንዳው መሬት መሬት ያያል። አለቃው በቋንቋው ጮኸ።

«ውሃ ለመኪናው ስጥ ይላል» አለኝ ባንዳው።

«ጋኑ ለመንገደኛ ነው በለው። ጉሮሮ ያለው ይጠጣ፤ እሱም ከጠማው ጎንበስ ብሎ ይጠጣ። ለብረት ግን አልተሳልንም።»

ተረጎመለት። አለቃው እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ።

«ውሃ ከፈለገ ጉድጓዱ ያውለት፣ ሄዶ ይቅዳ በለው» ብዬ ጨመርኩ።

ባንዳው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ይህን አልተረጉምም» አለ። «አንተ ሰው፣ እናትህን አስብ።»

እናቴ ግን መጥታ ከጎኔ ቆማ ነበር። ሚስቴም መጣች፣ ልጁን አቅፋ። ጋኑ ከኋላችን ነው። አለቃው እኛን እያየ ሽጉጡ ከአፎቱ ወጥቶ ሳያልቅ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ሰልፉ ተበተነ፤ እነሱም ሮጡ፣ እኛም ልጁን ይዘን ከአጥሩ ሥር ተኛን። አውሮፕላኑ ዞሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ መኪና ማን አስታወሰ! ገፍተው ከመንገዱ ዳር ቦይ ጣሉት። አለቃው በእግሩ ሄደ፤ ውሃም አልጠጣ፣ ወደ ጋኑም ዞሮ አላየም።

ባንዳው ከሁሉ ኋላ ቀረ። ወደ ዳሱ መጥቶ ቅሉን ሰደደ፤ ከሥር ሲፋቅ ተሰማኝ። ግማሽ ቅል ወጣለት። ቀና ብሎ «ይህን ከጠጣሁት ይነጥፋል» አለ።

«ጠጣ» አልኩት። «አህያዋ አልተራገፈችም፤ አንድ ቅርባ ቀርቷል።»

ጠጥቶ ቅሉን ከቦታው ሰቀለ። እናቴን በአንገቱ እጅ ነሳትና «ነገ መጥቼ እሰብረዋለሁ እናቴ» አላት።

«እንጠብቅሃለን» አለችው።

ሁለተኛውን ቅርባ አውርጄ ጋኑ ላይ ገለበጥኩት።