ያልገጠመው ቀይ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ወልድያ ውስጥ ወጣቶች ሥዕል ወዳሳዩበት አዳራሽ ወሰደችኝ። አንዱ ሸራ ፊት ቆምኩ። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት። ቀዩ ቀለም ከመሐል ይነሳና ይዞራል፤ ዞሮ መነሻውን ሊነካ ሲል ወደ ላይ ያመልጣል፤ እንደገና ይዞራል፣ እንደገና ያመልጣል። ጥቁሩ ከኋላው ይከተለዋል። «ምን ይታይዎታል እማማ?» አለችኝ። ይህን ቀይ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ መርሳ ላይ፣ በእህቴ እጅ አይቼው ነበር።

ያኔ በእኛ ሰፈር የታጨች ልጅ የራሷን መሶብ ሰፍታ ሳትጨርስ አትዳርም ነበር። ሙሉ የምትባለው ታላቅ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ሚኒስትሪ ልትፈተን ትፈልጋለች። አባታችን ደግሞ ውርጌሳ አካባቢ ላለ ባለ መሬት ሊድራት ቃል ሰጥቷል። እንቢ አላለችም፤ አባትን እንቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና እርጥብ አለላ በጥርሷ ይዛ ትሰፋለች። የእርጥብ ሣርና የቀለም ሽታ ከልብሷ አይለቅም ነበር።

ሌሎች ሴቶች መሶብ ላይ የሚሰፉት የቀለም ሐረግ ዞሮ መነሻውን ይገጥማል። የሙሉ ቀይ ግን በየዙሩ መነሻውን እያለፈ ሽቅብ ይሸሻል። ቀዩ ካልገጠመ መሶቡ አላለቀም፤ መሶቡ ካላለቀ ሠርግ የለም ብላ ነበር። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ የአባታችን እህት ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለችና መሶቡን አንስታ አዟዟረችው።

«ኧረ ጉድ! ይኸ መሶብ ነው ወይስ ያበደ ፍየል የሮጠበት?»

«ወንዝ ነው አክስቴ» አለች ሙሉ። «ወንዝ ዞሮ ምንጩን ሲገጥም አይተው ያውቃሉ?»

«ምላስሽንስ ማን ይችለዋል! አማትሽ ያየችው ቀን ግን የምንሰደበው እኛ ነን።»

ሰኞ ዕለት ግን ሙሉ ትምህርት ቤት ሳለች እናታችን ወስፌውን አነሳች፤ ቀዩ እስከጀመረበት ድረስ ተረተረችና ራሷ አግጥማ ሰፋችው። የተተረተረውን አለላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ለአፍታ ነድዶ ጠፋ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እሷም የተዳረችው እንዲሁ ነው። ሙሉ መጥታ አየችው። ደብተሯን አስቀመጠችና እንጨት ልትለቅም ወጣች።

ሠርጉ ከፈተናው በፊት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ሞተች። መሶቡ በአህያ ተጭኖ ተመለሰልን። ከሥሩ፣ ቀዩ ከመጀመሩ በፊት ካለው ነጭ በቀር የሙሉ እጅ የለበትም።

ዛሬ መሶብ ከገበያ ይገዛል፤ የልጄ ልጅም ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ደግ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወጣቶቹ ቀዩን ሸራ በስልካቸው ያነሳሉ፣ ፊቱ ቆመው ይከራከራሉ። የእህቴን ቀይ ቁም ነገሬ ብለን ያየነው ሦስት ሴቶች ነበርን። እናቴና አክስቴ ካለፉ ቆይተዋል።