ያልሞላኋት ሰዓት

ይህን እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘከዝክ እቆይና ይህችን አንዷን ሳልናገር እመለሳለሁ። እርስዎ የሚያነቡኝ ግን ይስሙኝ፤ ማን እንደሆንሁ ስለማያውቁ አያፍሩብኝም።

ሰዓት ወዳድ ነኝ። ከፋብሪካ ደመወዜ እየቆጠብሁ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች እሰበስባለሁ። በዚህ ዘመን ጥሩ ሰዓት ማሰር አድኃሪ ስለሚያሰኝ በካልሲ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ነው የማኖራቸው። ቀበሌ ስብሰባ የምሄደው ባዶ እጄን ነው፤ ሰዓት ስንት ሆነ ብዬ የምጠይቀውም ጎረቤቴን ነው።

ጋሼ ታፈረ ጣና ላይ የጀልባ መሪ ነበሩ። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰውና ቡና ያመላልሳሉ። ሁለት የስዊስ ክሮኖግራፍ ነበሯቸው፤ የጎን ቁልፉን ሲጫኑት ደቂቃና ሴኮንድ ለብቻው መቁጠር የሚጀምር ሰዓት ነው። አንዷ ወርቅ ቅብ ናት፣ ዓይን የምትስብ። ሌላዋ ባለ ጥቁር ገጽ፣ ተራ ብረት የምትመስል። ክረምት ላይ ጉም ሐይቁን ሲያለብሰው ጋሼ ታፈረ ከወደብ ሲነሡ የጥቁሯን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ድንጋያማው ዳር ጋ መድረሳቸውን የሚያውቁት በእሷ ደቂቃ ነው። የወርቃማዋ ቆጣሪ ግን ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ስትፈልግ ትቆማለች። ለሠርግና ለክርስትና ብቻ ያስሯት ነበር። ይህን እንከኗን ከእሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ ሰዓቶቻቸውን የምወለውለው እኔ ነኛ።

ሲሞቱ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እየሞላሁ እንድጠብቃቸው ሁለቱንም እኔ ዘንድ አስቀመጡ። ከተዝካሩ በኋላ አንዷን ለልጃቸው ለይስማው፣ አንዷን ለድካሜ ለእኔ ሊሰጡ ወሰኑ፤ የሚመርጠው ልጁ ነው። ይስማው እኩያዬ ነው። ከዘመቻ ገና መመለሱ ነበር፣ የአባቱን ጀልባ ሊረከብ ነው፤ ስለ ሰዓት ግን ምንም አያውቅም።

ጥቁሯን ተመኘሁ። ለዓመታት ተመኝቻታለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ወርቃማዋን ጠዋት ጠዋት ሞላሁ፣ ጥቁሯን አልሞላሁም። አንዲት ብሎን አልነካሁም፤ ጸጥ እስክትል ዝም ብዬ ተውኋት።

በተዝካሩ ማግስት ይስማው እጁን የሰደደው ወደ ጥቁሯ ነበር።

"አባባ የሚሠሩባት ይችን ነበር" አለ። ጆሮው ላይ አደረጋት፣ ድምፅ የላትም። ሊሞላት ሲል እጁን ያዝሁት።

"ተዋት። አርጅታለች፣ ትሰበርብሃለች" አልሁት።

አመነኝ። ወርቃማዋን አሰረ። ለምን አያምነኝ? እኔ ነኝ ያልሞላሁ፣ እኔ ነኝ ተዋት ያልሁ፣ እኔ ነኝ ጥቁሯን ኪሴ ከትቼ ቤቴ የገባሁ። በር እንኳ ሳልዘጋ ሞላኋትና ድምፅዋን ሰማሁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በዚያው ክረምት ጀልባዋ ዘጌ አጠገብ፣ ጉም ውስጥ፣ ድንጋይ መታች። የወርቃማዋ ቆጣሪ መንገድ ላይ ቆማበታለች፤ እሱ ግን አላወቀም። የዘጌ ሰዎች በታንኳ ደርሰው ተሳፋሪውን ሁሉ አወጡ። ቡናው ግን ሰጠመ፤ ይስማውም መሪነቱን ተነጥቆ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። "ቆጠራውን ያሳሳትሁት እኔ ነኝ" ብሎ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ አደረገ። ሰው ደግሞ ከአባቱ ምንም አልወረሰም እያለ አማው። ሰምቼ ዝም አልሁ ብል በተሻለኝ፤ እኔ ግን ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እትዬ ብርቄ ሰው ፊት መውጣት ተዉ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓመታት አለፉ። ሰሞኑን ለይስማው መሪነቱ ሊመለስለት እንደሆነ ሰማሁ፤ ነገ ጠዋት ወደ ዘጌ በጀልባ ይፈተናል። ክረምት ነው። አሁንም የሚያስራት ወርቃማዋን ነው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ጥቁሯን ሞልቼ ፋሲሎ ሰፈር፣ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ባሉበት ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እጁን የያዝሁትን ጭምር።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ይስማው ጥቁሯን ከእጄ ወስዶ ጆሮው ላይ አድርጎ ድምፅዋን ሰማ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። ከዚያ ወርቃማዋን ፈትቶ ጥቁሯን አሰረ።

"ነገ ጉም አይጠፋም" አለ። "አንተም ትሳፈራለህ። ከፊት ነው የምትቀመጠው።"

እሺ አልሁ። ምሕረት ይሁን ቅጣት አልጠየቅሁትም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝ። ደጁን ስሻገር እትዬ ብርቄ ከኋላዬ ጠሩኝ።

"ጋቢ ደርብ ልጄ" አሉኝ። "ሐይቁ ጠዋት ይበርዳል።"

ማመካኛ የለኝም፣ አላቀርብምም። ጋቢዬን በሩ አጠገብ ሰቅያለሁ፤ ሲነጋ እሄዳለሁ።