በሰው ወንበር ላይ የወጣ ማስታወቂያ

ልደታ፣ ከማርያም ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ የምቀጥረው እኔ ነበርኩ። ፌስቡክ የሰው ሁሉ ወሬ የሆነበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ማስታወቂያውን በወረቀት አትመን በሩ ላይ እንለጥፍ ነበር። እንለጥፍ አልኩ እንጂ የሚለጥፉት እንግዳ ተቀባያችን ናቸው። ጌጃ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ፕላስተሩን በጥርሳቸው እየቆረጡ አራቱንም ጥግ ይለጥፉና ራቅ ብለው እንዳልተጣመመ ያያሉ። የደንበኛውን ሁሉ ድምፅ ገና «ሃሎ» ሲል ያውቁታል። ለጡረታ የቀራቸው ጥቂት ዓመት ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና በእትዬ ቦታ ወጣት፣ ኮምፒውተር የምትችል እንግዳ ተቀባይ እንድፈልግ ነገረኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ፊት ለፊት መናገር ይፈራል። «አዲሷ እስክትገኝ እሳቸው እንዳይሰሙ» አለኝ። በር ላይ መለጠፍ የማይሆን ነገር ነው። ጋዜጣም ቢሆን በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ በፌስቡክ ይውጣ አልኩ። እትዬ ፌስቡክ የላቸውም። በሐሳቤ ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ማስታወቂያውን ጠዋት ጽፌ በድርጅቱ ገጽ ላይ አወጣሁት። ከምሳ በኋላ ላይክና ሼሩ ጎረፈ። ግማሹ ኮሜንት «ኢንቦክስ አድርጉልኝ» ይላል፤ አንዷ «አሜን» ብላለች፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ክፍሌን ዘግቼ መልእክት ሳነብ ዋልኩ። ከውጭ የእንግዳ መቀበያው ስልክ ደጋግሞ ሲጮኽ ይሰማኛል፤ ልብ አላልኩትም።

ከማስታወቂያው ሥር የጻፍኩት ቁጥር የዚያው ስልክ ነበር። ለዓመታት በየማስታወቂያው ላይ የጻፍኩት እሱን ስለሆነ እጄ ለምዶበት ጻፈው። የእጄን አገኘሁ ማለት ይሄ ነው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እትዬ አንኳኩተው ገቡ። በመስመር የተሞላ ወረቀት ይዘዋል፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሁሉም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው።

«ለእንግዳ ተቀባይነቱ የደወሉት ናቸው» አሉኝ። «ኮምፒውተር የሚችሉትን ለይቼልሃለሁ።»

መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። «እትዬ፣ እኔ'ኮ ታዝዤ ነው…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«አውቃለሁ ልጄ። አንተ ምን ታደርግ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከስሞቹ አንዱን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይቺን ጥሯት። ድምጿ ጥሩ ነው፣ ትዕግሥትም አላት። ከደወሉት ሁሉ እሷ ብቻ ናት፣ እዚያ ቦታ ላይ የነበረችው ሴትዮ ምን ሆና ነው ብላ የጠየቀችኝ።»

«ምን አሏት?» አልኩ፣ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳልል።

«ምን እላታለሁ። ገና አልነገሯትም አልኳት።»