አበባውን ያላየሁት ዛፍ

ሥራዬ ለዕፅዋት ስም ማውጣት ነው ስል ሰው ይስቃል። አጎቴ እንዲያውም «ለመሆኑ ሣሩ ክርስትና ሲነሣ ድግስ አለው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሥራው ግን ከክርስትና ይልቅ ለግንዘት ይቀርባል። ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፣ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አስተኛዋለሁ፣ በሁለት ጣውላ አጣብቄ በቀበቶ አጠብቀዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ እሰፋውና የት እንደተገኘ፣ ማን እንደለቀመው፣ በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ከግርጌው እጽፋለሁ። በሚዛንና በቴፒ በኩል ዝናቡ ስለማይፋታ ጋዜጣው ሳይደርቅ ይሻግታል። ስንቱ ቅጠል ስም ሳያገኝ እጄ ላይ በስብሷል።

አንድ ዛፍ ለሳይንስ አዲስ ነው ለማለት ደንቡ ቀላልም ጨካኝም ነው። ቅጠል አይበቃም። ቅጠል ይዋሻል፤ የሥጋ ዘመዳሞቹ ሳይመሳሰሉ ባዳዎቹ ቁርጥ መንትያ ይመስላሉ። ዛፉ ከየትኛው ቤተሰብ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆን አለመሆኑንም የሚናገረው አበባው ነው። አበባ የያዘ አንድ ናሙና ደርቆ ይቀመጣል፣ ስሙም በዚያ ናሙና ላይ ይታሰራል። ነገ የሚከራከር ቢመጣ ያንን ገልጦ ያያል። አበባ ከሌለ ስም የለም። ስም ከሌለ ደግሞ ዛፉ ሊጠፋ ነው ብሎ የሚጮህለት አይኖርም፣ በወረቀት ፊት አልተፈጠረማ።

ዛፉን ያሳዩኝ ሽማግሌ ከቴፒ ወደ ማሻ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። እሳቸውም የራሳቸው አመዳደብ አላቸው። ዛፍ ሦስት ዓይነት ነው፤ ንብ የሚቀስመው፣ ቀፎ የሚሸከመውና ለቡና ጥላ ከመሆን በቀር ሌላ ሙያ የሌለው። ንብ የሚቀስመው ደግሞ በማሩ ይለያል፤ የገተም ዛፍ ማር ነጭ ነው፣ የሌላው ቀይ ነው፣ የሌላው ይመራል። መጀመሪያ ቀን ይህን ሲነግሩኝ በሆዴ ሳቅሁ። የተማረ ሰው ሳቅ ድምፅ ስለሌለው ነውሩ አይታወቅም።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ከአንድ ረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ አውርጄ፣ ቅጠሉን አየት አድርጌ፣ በአገሩ ሞልቶ የተረፈ የሌላ ዛፍ የላቲን ስም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ሽማግሌው ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ዞር ብዬ በቅርብ የቆመውን ያንኑ የተለመደ ዛፍ አሳየኋቸው፤ «ይኸኛው ነው፣ አንድ ናቸው» አልኩ።

«አይደለም» አሉኝ። «አንድ አይደለም። ነይ አሽቺው።»

የሁለቱንም ግንድ በቢላዋ ጫር ጫር አድርገው ቅርፊቱን በየተራ አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። የተለመደው ምንም አይሸትም። የእሳቸው ጥሬ ባቄላ ጥሬ ባቄላ ይሸታል። ቅጠሉን በማጉያ ሳየው ደግሞ ከዘንጉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ በሌላው ላይ የሌሉ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉት። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ያን ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ለሚያውቁ ሰዎች ፎቶ ስልክ ከረምኩ። ያወቀው አልተገኘም። ከሁሉም የመጣልኝ መልስ አንድ ነበር፤ አበባ አምጪ።

በዚያ ጫካ እሳቸው የሚያውቁት ያንን አንድ ብቻ ነው። አባታቸው ሌላ ሁለት ያውቁ ነበር፤ አሁን በሁለቱም ቦታ የቆመው ቡና ነው። ተመልሼ ሄጄ መቼ እንደሚያብብ ስጠይቃቸው «አንድ ዓመት ያብባል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይተኛል» አሉ። ከዚያ ሽቅብ አንጋጠው ጫፉን ሲመለከቱ ቆዩና «በሚመጣው ዓመት ነው፣ ታያለሽ» አሉኝ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለዛፉ ብቻ አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ስም አውጪዋ እኔ እንድሆን ፈልጌአለሁ፤ በጣም ፈልጌአለሁ።

«ምን ብለሽ ልትጠሪው ነው?» አሉኝ።

«እናንተ በምትጠሩበት ስም ነዋ፣ አባባ» አልኳቸው።

ዛፉን በቋንቋቸው የሚጠሩበት ቃል በአማርኛ «ቆይቶ የሚሰጥ» እንደማለት ነው። ደስ አላቸው። ቤት ስንደርስ ለሚስታቸው በቋንቋቸው ነገሯቸው፣ ሁለቱም ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ ድምፅ ነበረው።

ያን ዕለት ሲሸኙኝ በዛፉ በኩል ስናልፍ ነው ጥፋቴን የሠራሁት። ያለሁበትን ቦታ የሚያሳየኝ መሣሪያ በዚያ ጥቅጥቅ ጥላ ሥር ሠላሳ አርባ እርምጃ ይስታል። አበባው በሚፈነዳበት ጊዜ እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ብገኝ በእኔ ፋንታ የሥራ ባልደረባዬ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ዛፉን አያውቀውም። ስለዚህ ከቦርሳዬ የቀለም ጣሳ አወጣሁ። የማስተምርበት ኮሌጅ ሽንት ቤት በር ሲቀባ የተረፈ ቀይ ቀለም ነው፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነበር። በደረቴ ቁመት ልክ ግንዱን ዙሪያውን ቀባሁት።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ከእኔ በኋላ የሚመጡት ሰዎች እንዳይስቱት ነው።»

ቀለሙን በጣታቸው ነካ አድርገው አዩና «እሺ» አሉ። ሲያብብ በልጃቸው ስልክ እንዲደውሉልኝ ተስማማን፤ ኔትወርክ ያለው ገበያው ዘንድ ስለሆነ በገበያ ቀን ይደወላል። ወንዙ ድረስ ሸኙኝ። እኔም እየዘመርኩ ወረድኩ።

ዓመቱ ዞረ፣ ስልኩ አልመጣም። በየገበያው ቀን እኔ ስደውል ጥሪ አይቀበልም ይለኛል። በመጨረሻ መጠበቁ ሲያቅተኝ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሞተር ተከራይቼ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድኩ፣ ከዚያ በጭቃው በእግሬ ገባሁ። ጋዜጣና ጣውላዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ተሸክሜአለሁ። አበባው ጋዜጣው ላይ እንዳይጨማደድ እንዴት አድርጌ እንደምዘረጋው ሳይቀር መንገድ ለመንገድ አስብ ነበር።

ወደ ዛፉ ስቃረብ ጫካው በራ። ከላይ ሰማይ ይታያል። ጉቶው በቁመቴ እኩሌታ ቀርቷል፤ ግንዱ ቡናውን ጨፍልቆ በቁመቱ ተጋድሟል፣ እንጉዳይ በቅሎበታል። ቀዩ ቀለም በተቀባበት በኩል ቅርፊቱ ተፋፍቆ ነጭ ሆኗል።

ሽማግሌው ከቤት ወጥተው መጡ። አልሸሹኝም። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

ከወንዙ ማዶ፣ እኔ ከመምጣቴ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው ነበር። ዛፎቹን በቀይ ከበቧቸው። ሰው ምንድን ነው ሲላቸው ከእኛ በኋላ የሚመጡት ይነግሯችኋል አሉ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ማሽን ነበር፤ ቦታው የትልቅ ቡና እርሻ ሆነ፣ ባለቀፎዎቹም ከጫካው ወጡ።

«ቀይ ያለበትን ወሰዱ» አሉ ሽማግሌው። «ቀይ የሌለበትን አለፉት። አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። ከኋላሽ የሚመጡትን ግን አላውቅም። መጀመሪያ ፋቅሁት፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል፣ አልለቅ አለኝ። ቀፎዬን አወረድኩ፣ ከዚያ ቆረጥኩት። ዛፉ ከሚያስወስደን ዛፉ ይሂድ አልኩ።»

«ሲወድቅ እንቡጥ ነበረው?»

«ነበረው። ወድቆም ፈነዳ። ንቦቹ ሦስት ቀን ሙሉ መሬት ለመሬት ሲቀስሙት ነበር።»

ሦስት ቀን። የምፈልገው ግን አንድ ዘለላ ነበር። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ማንን እንደምቆጣ ግን ጠፋኝ።

«አባባ፣ ማንም አይመጣም ነበር» አልኩ። «እኔና አንድ መምህር ብቻ። አበባ ቆርጠን ልንሄድ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ጉቶውን አዩ። ከዚያ ዓይኔን አይተው «ታዲያ ለምን ቀይ አደረግሽው?» አሉኝ። ሽንት ቤት ከመቀባት የተረፈ ስለሆነ ነው ማለት አልቻልኩም። አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም። ተንበርክከው ከወደቁት ቅርንጫፎች ሥር አፈሩን ይምሱ ጀመር፣ እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እስኪመሽ አብረን ፈለግን። ፍሬ የለም፤ ሳያፈራ ነው የተቆረጠው። ከአበባው የቀረ የመሰለንን ጥቁር ነገር ሁሉ ወደ ከተማ ይዤ ተመለስኩ፤ በማጉያ ሳየው የበሰበሰ ቅጠልና የጉንዳን ኩስ ነበር።

ቢሮ ስመለስ የሚሞላ ቅጽ አለ። ናሙናው የተወሰደበት ተክል ከጠፋ ምክንያቱን ምረጥ ይላል፤ እሳት፣ ጣውላ፣ የእርሻ መስፋፋት፣ በሽታ፣ ያልታወቀ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «ማን ቆረጠው?» አለኝ። «ባለቦታው» አልኩ። ከንፈሩን መጦ «ይሄ ሕዝብ መቼ ይሆን የሚማረው!» አለ። ቀለሙን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። የእርሻ መስፋፋት በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ከሥሩም «በአካባቢው አርሶ አደር ተቆረጠ» ብዬ ፈረምኩ።

ሽማግሌው የእኔን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ግን እኔ አውቃለሁ። ባለፈው አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ አምጥቶልኝ ነበር፣ ስለ ደቡብ ምዕራብ ደኖች መመናመን ነው። የአርሶ አደሮች ግንዛቤ ማነስ በሚል ርዕስ ሥር፣ ስም ሳያገኝ የጠፋውን አንድ ዛፍ በምሳሌነት አንሥቷል፤ ምንጭ ብሎ የጠቀሰው የእኔን ሪፖርት ነው። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት የፊደል ግድፈት አርሜ፣ ጥሩ ነው ብዬ መለስኩለት።