ግድግዳ ውስጥ የተውኩት ሲባጎ

ከኮልፌ የወጣሁት ማታ ነው፤ ያውም በክረምት፣ ያውም እየዘነበ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ጭቃ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፣ ጫማ ያስቀራል። እማዬ "እንዲህ ሆነሽ አውሮፕላን ልትገቢ?" ብላ ሁለቱንም እግሬን በፌስታል ጠቀለለችልኝና ታክሲ ድረስ ደግፋ አደረሰችኝ። ልጄ ፌቨን ተኝታ ነበር፣ አልቀሰቀስኳትም። ብቀሰቅሳት እንደማልሄድ አውቃለሁ። እማዬ የታክሲውን በር ይዛ፣ "እኔ አርጅቻለሁ፤ ቶሎ ብለሽ ውሰጃት" አለችኝ። እኔም "ዓመት ሳይሞላ" አልኩ። ሰው ሲሄድ የማይለው የለም።

ሙያዬ ኬብል ነው። ቤቴል ጋሽ ተክሉ የሚባሉ ባለሙያ ጋ ነው የተማርኩት። የቲቪ፣ የስፒከር፣ የኢንተርኔት ኬብል ግድግዳ ውስጥ ማስገባት፤ ብሎኬቱን በመሮ መፈልፈል፣ ቱቦ መቅበር፣ ኬብሉን በቱቦው መሳብ፣ ከዚያ ምንም ያልተነካ እስኪመስል በሲሚንቶ መለሰን። ጋሽ ተክሉ አንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም። ሥራ ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ ከኬብሉ ጎን አንድ ባዶ ሲባጎ ትተሽ ትወጫለሽ። ነገ ሌላ ኬብል ቢያስፈልግ የሚመጣው ሰው ሲባጎው ጫፍ ላይ አስሮ ይስባል፣ ግድግዳ አይፈርስም። "የሚመጣውን ሰው አታውቂውም፤ ብቻ እንዳይረግምሽ" ይሉኝ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ እርግማኑ እውነት ነው፤ ሲባጎ ያጣ ባለሙያ የቤቱ ባለቤት ፊት "ይሄን የሠራው የትኛው ደንቆሮ ነው?" ሳይል መሮ አያነሳም።

ደላላው "ቴክኒሻን" ብሎ ነው ሻርጃ የላከኝ። ስደርስ የሥራ ፈቃድ ወረቀቴ "ጽዳት" ይላል። አሠሪዬን ሚስተር ፋዲን ጠየቅኩት።

"ስሙን ተዪው፤ ሥራው ያው ኬብል ነው" አለኝ።

"ስሙም ያው ቢሆን ምን ነበረበት?"

"ያላ፣ መሰላሉን ያዢ።"

እኔን የፈለገበት ምክንያት ቶሎ ገባኝ። ወንድ ቴክኒሻን ሲገባ የቤቱ ሴቶች ተነስተው ይሸሻሉ፣ በር ይዘጋል፣ ሥራ ይቆማል። እኔ ስገባ ግን ማንም ንቅንቅ አይልም። ግድግዳቸው ደግሞ ጂፕሰም ነው፤ ብሎኬት ለለመደ እጅ ዳቦ መቁረጥ ማለት ነው። ሌላው ነው የከበደኝ። ኮልፌ ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጠውን እያሰብኩ፣ እዚህ ቧንቧ ስከፍት የፈላ ውሃ ይወርድብኛል። እንጀራ አለ፣ በሩዝ ዱቄት የተጋገረ፤ ይበላል እንጂ አያጠግብም። አንድ ፎቅ ላይ እየኖርን "እንዴት አደርሽ" የሚለኝ የለም። እኔ ስላቸው ደግሞ አይተውኝ በራቸውን ዘጉ።

አንድ ቀን መሰላል ላይ ሆኜ ግድግዳ ስበሳ የሠራተኛ ወረቀት የሚያይ ተቆጣጣሪ መጣ። መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ቀና አለ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ጽዳት።"

"እጅሽ ላይ ያለውስ?"

"ድሪል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ኬብል እያጸዳሁ ነው።"

መታወቂያዬን መለሰልኝ። "ዞሬ እስክመለስ ውረጂና መጥረጊያ ያዢ" አለኝ። ወርጄ መጥረጊያ ይዤ ቆምኩ። ሲመለስ "አሁን ከወረቀቱ ጋር ትመሳሰያለሽ" ብሎኝ ሄደ።

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔን ግን ያቺ "ጽዳት" የምትል ቃል ነበረች ከልጄ የለየችኝ። በጽዳት ወረቀት ልጅ ማምጣት እንደማይሆን ተነግሮኛል። ስለዚህ ሚስተር ፋዲን ወጥሬ ያዝኩት። በመጨረሻ፣ "አንድ ትልቅ ቪላ አለ፤ እሱን አሳምሪልኝና ወረቀቱ ላይ ሙያሽን አስቀይራለሁ። ልጅሽን ታመጫለሽ፣ ኻላስ" አለኝ።

ያንን ቪላ እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት! የሴቶቹ ሳሎን ውስጥ አንድ ክር የምታህል ኬብል ብትታይ ምላሴ ይቆረጥ። የቤቱ እመቤት ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ "የት አደረግሽው?" አሉኝ። ሚስተር ፋዲም "የልጅሽን ፎቶ ላኪ፣ ማመልከቻውን እንጀምር" አለ። ፌቨን ያንኑ ዕለት ዓለም ባንክ ሰፈር ሄዳ ፎቶ ተነሳች። እማዬ ስልክ ላይ እልል አለች፤ እኔም ለሁለት የሚሆን ክፍል መጠየቅ ጀመርኩ። ለካ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እመቤቲቱ ትንሽ ቆይተው ተጨማሪ ስፒከር አማራቸው። እኛን አልጠሩም፤ በርካሽ የሚሠራ ሌላ ሰው አስመጡ። ሰውየው ቱቦውን ከፈተ፣ ሲባጎዬን አገኘ፣ አስሮ ሳበ፣ ጨረሰ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሚስተር ፋዲ ጋ ደውለው አመሰገኑት። "ግድግዳው ሳይነካ አለቀ፤ ልጅቷ ትታው በሄደችው ገመድ ነው፤ አላህ ይባርካት" አሉት።

ሚስተር ፋዲ ጠራኝ።

"ግድግዳው ውስጥ ምን ትተሽ ነው የወጣሽው?"

"ሲባጎ።"

"ለማን?"

"ለሚመጣው ሰው።"

"የሚመጣው ሰው እኔ ነበርኩ" አለ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። "ከፍቼ፣ አፍርሼ፣ እንደገና የማስከፍለው እኔ ነበርኩ። አንቺ ለተፎካካሪዬ ነው የምትሠሪው?"

"እኛ ሀገር እንዲህ ነው የሚሠራው።"

"እንግዲያው እዚያው ሀገርሽ ሥሪ።"

ማመልከቻውን አስቆመው። እስከ ዛሬ ጽዳት ነኝ። ሥራ ስጨርስ ይመጣና ቱቦውን በባትሪ ያያል፣ ክር እንዳልተውኩ። በግኛለሁ። በእሱም በግኛለሁ፣ አንዳንዴም በጋሽ ተክሉ፤ ነፍስ ይማር እንዳልል እንኳ ደህና ናቸው።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። "እኔ አልነግራትም። ራስሽ ንገሪያት" ብላ ስልኩን ለፌቨን ሰጠቻት።

"ፌቪዬ፣ መምጣትሽ ትንሽ ሊዘገይ ነው" አልኳት።

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም የኔ ቆንጆ።"

"እማ፣ እሁድ እኮ ቸርች ፊት አውጥተው ጸለዩልኝ።"

"እማዬ ነግራኛለች።"

"ሁሉም ሰው ሳመኝ። ቻው አልኳቸው። የሰንበት ትምህርት ልጆች አዋጥተው ቦርሳ ገዙልኝ። ካልሄድኩ ልመልሰው?"

"አትመልሺም። ያንቺ ነው።"

"ታዲያ እሁድ ስገባ ምን ልበላቸው?"

አያቷን እንድትጠራልኝ ለመንኳት፤ ስልኩን አልሰጥም አለች። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያዘችው፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። እኔም አልዘጋሁም።