የአመድ አፋሾቹ ፈረስ

ትናንት ከእንጅባራ መናኸሪያ ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናቡ ድንገት ወረደና የባጃጁ ሾፌር አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር አስጠግቶ ቆመ። እዚያው በረንዳ ጥግ አንድ ባላገር ፈረሱን ይዞ ተጠልሏል። ከኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ ረጥቦ ይተናል። የላብ፣ የቆዳና የእርጥብ ሣር ሽታ በሸራው ቀዳዳ ገባብን። ሾፌሩ አፍንጫውን በአንገት ልብሱ ሸፈነ። እኔ ደግሞ አንገቴን ወደ ውጭ አውጥቼ በረጅሙ ሳብኩት። "እህቴ፣ ዝናብ ይመታሻል" አለኝ። ይምታኝ!

ባለፈው ቢሮ ውስጥ "የተማሪ ክበብ ደግሞ ምን ይሠራል? ፎቶ ከመነሳት በቀር!" ብለህ ስትስቅ ዝም ያልኩህ መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ በሻይ ሰዓት የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። አሁን የፈረሱ ሽታ ስላመጣው ቁጭ በልና ስማኝ።

ትምህርት ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ዲከረንስ የተተከለባቸው ኮረብታዎች ሥር ነበር። ዲከረንስ የከሰል ዛፍ ነው፤ አባቶቻችን ተክለው፣ ቆርጠው፣ አክስለው ነው ያሳደጉን። በበጋ ልብሳችንም ደብተራችንም ጭስ ጭስ ይል ነበር። የበጎ አድራጎት ክበብ አባላት አንድ እፍኝ ልጆች ነን፤ የአሮጊት ቤት እንመርጋለን፣ ምንጭ እንጠርጋለን፣ ደብተር ለሌለው ደብተር እንለምናለን። ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ ለጉብዝናዬ ሳይሆን ለጉሮሮዬ ነው፤ ስጮህ ገበያ ድረስ ይሰማል ይሉኝ ነበር።

ከእኛው ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች። እግሮቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም። ታላቅ ወንድሟ ጠዋት ከመንደራቸው አዝሏት ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ አስቀምጧት ወደ እርሻው ይሮጣል፤ ትምህርት ሲለቀቅ ደግሞ አዝሏት ይመለሳል። እሱ ራሱ ትምህርቱን ያቋረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጡ ሰዎች ዊልቸር ሰጧት። ባነር ተወጠረ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። የእንግዶቹ መኪና ገና ከዓይን ሳይርቅ የወንበሩ ጎማ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ወንድሟ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወንበሩን ተሸክሞ ቤት አደረሰ። በኋላ ቤታቸው ስሄድ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋበት አየሁ።

በጥር ግድም ወንድሟ ለመስከረም ቆላ ሊወርድ ነው፣ ሰሊጥ አጨዳ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ማን ይፈርድበታል? ወጣት ነው፤ ጎጆ መውጣት ያምረዋል። እሱ ከሄደ ግን ትምህርቷ አበቃ። እናቷ ልታዝላት አትችልም፤ አባቷ በሕይወት የለም። ክበቡን እሷ ባለችበት ሰበሰብኩ። አንዱ ልጅ "በየተራ እንዘላት" አለ። እሷ አግዳሚ ወንበሩን በመዳፏ መታችው።

"ጀርባ በቃኝ! ከተወለድኩ ጀምሮ የማየው የሰው ማጅራት ነው። መንገዱ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቀውም።"

"ታዲያ ምን ይሁንልሽ?"

"ፈረስ" አለች።

መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ግን ሠርጉም ለቅሶውም ያለ ፈረስ በማይደምቅበት በአዊ አገር ተወልደን አድገን፣ ይሄ ለአንዳችንም ሳይታየን መቅረቱ አሳፈረን።

ፈረስ በምኞት አይገዛም። ከአባሎቻችን የአንዱ አጎት ከዲከረንሱ ጥጉን ሰጠን፤ "አክስሉና ሽጡ" አለን። ቆረጥን፣ ከመርን፣ ሣርና አፈር አለበስን፣ እሳት ሰደድን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሁላችንም የከሰል አክሳይ ልጆች ነን፤ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ "አባቴ መተንፈሻ የሚከፍተው በነፋሱ በኩል ነው" ብሎ በአንድ ወገን በሳ። ሌላው "የኔ አባት ደግሞ በጀርባው ነው" ብሎ በዚያ በኩል በሳ። ማን ለማን ይሸነፋል? አባት የተሰደበ ይመስል ሁሉም በየፊናው ቀዳዳውን ከፈተ። እኔም ሰብሳቢነቴ እንዲታወቅ ከላይ አንድ ጨመርኩ። ክምሩ ወንፊት ሆነ። በማግስቱ ስንመጣ ከሰል የሚባል ነገር የለም፤ ነጭ አመድ ተኝቷል።

አገር ሳቀብን። "አመድ አፋሾች!" የሚል ስም ወጣልን። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ፣ ወፍጮ ቤት ስንሰለፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ሳይቀር፤ አመድ አፋሾች። ሁለት ልጆች ከክበቡ ሊወጡ ፈለጉ። እኔ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ ብልህ አታምነኝም፤ ግን አልቅሻለሁ። እሷ ወንድሟን "ክምሩ ጋ ውሰደኝ" አለችው። ጀርባው ላይ ሆና አመዱን አየችና ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች።

"በሉ፣ እንሽጠዋ!"

"ምኑን?"

"አመዱን ነዋ! ጓሮው ላይ አመድ የማይበትን ማን አለ? ለጓሮው የሚበቃ አመድ ያለውስ ማን አለ?"

እውነቷን ነው። አፈራችን ኮምጣጣ ነው፤ አመድ ያልቀመሰ ጓሮ ጎመኑ ይቀጭጫል። ቅዳሜ ገበያ አመዱን በማዳበሪያ ጆንያ አጭቀን በድንች ሻጮችና በቀርቀሃ ቅርጫት ሻጮች መካከል ተቀመጥን። ያን የተመረጥኩበትን ጉሮሮ ከፈትኩት። "የአመድ አፋሾች አመድ! ጓሮ የሚያፋፋ! ኑ፣ እየሳቃችሁ ግዙ!" ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት መጡና ትክ ብለው አዩኝ።

"እናንተ ልጆች ትንሽ እንኳ አታፍሩም?"

"ሐፍረት ፈረስ አይገዛም፣ እማማ።"

"ኧረ ይቺን ምላስ!" አሉና ገዙ። እሳቸው ሲገዙ ሌላው ተከተለ። ሊስቅ የመጣ እየገዛ ሄደ። በኋላማ አመድ የማይፈልገውም "ለሳቁ" እያለ ሳንቲም ይጥልልን ጀመር። አንድ የታወቁ ፈረሰኛ አዛውንት ግን አልሳቁም። ፊታችን ቆመው ጠየቁን፤ "ፈረሱ ለማን ነው?" አሳየናቸው። "ለሴት ልጅ? ያውም እግሯ ለማይሄድ?" አሉ።

"አባባ፣ እግሩ የሚሄድማ ፈረስ ምን ያደርግለታል?" አለቻቸው።

አዛውንቱ ጢማቸውን ዳበሱና በአዊኛ አንድ ነገር ብለው ሄዱ፤ ትርጉሙን አልነግርህም፣ ስድብም ምርቃትም ያለበት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ኮርቻ ተሸክመው ተመለሱ። ቆዳው አርጅቷል፣ ጠርዙ ተተርትሯል፤ ሽታው ግን ትናንት በባጃጁ የገባው ሽታ ነው።

ፈረሱን ያገኘነው ከግምጃ ቤት ከተማ ነው። የጋሪ ፈረስ ነበር። አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑን ግርዶሽ ይዞታል፤ ጋሪ ነጂው ሊያባርረው ሲል ደረስንበትና በአመዱ ገንዘብ ገዛነው። የዋህ ነው፤ አንድ አመል ግን ነበረበት። ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ተሳፋሪ መስሎት ይቆማል። ለሰላምታ እጅህን አንሳ፣ ይቆማል። ዝንብ ብታባርር፣ ይቆማል። እስክትሳፈር ይጠብቅሃል፤ አለንጋም ጉትጎታም አይነቀንቀውም። ወንድሟ ወገቧን በጠፍር ከኮርቻው ጋር እያሰረ አለማመዳት። አገሩ ሁሉ ሰላም ሊላት እጁን ስለሚያነሳ ትምህርት ቤት የምትደርሰው አርፍዳ ነበር። "ዘግይተሻል" ስትባል "ተሳፋሪ በዝቶብኝ ነው" ትላለች።

ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ጽዳት ይወዳሉ፤ አበባ የሚያጠጡት ራሳቸው ናቸው። ፈረሱ በመጀመሪያው ቀን ጽጌረዳቸውን በላ።

"ይሄ ትምህርት ቤት ነው እንጂ ጋጣ አይደለም! መታሰሪያ የሌለው ፈረስ ግቢዬ አይገባም!"

ካስማ ተከልን። "ያለ ፈቃድ ካስማ መትከል ክልክል ነው" አሉና በዘበኛው አስነቀሉት። ደግመን ተከልን፤ ደግመው አስነቀሉ። መታሰሪያ የሌለው አይገባም፤ መታሰሪያም አይተከልም! ፍርዱን ለአንተ ትቼዋለሁ። ፈረሱ ከግቢው ውጭ ቀረ፤ ከበሩ እስከ ክፍሉ ወንድሟ እንደ ድሮው ያዝላት ጀመር። ያኔ ጀርባው ላይ ዓይኗን ጨፍና አያት ነበር። "ምነው?" ስላት "ማጅራቱን ላለማየት" አለችኝ። እሱ ሰምቶ ሳቀ። "እኔስ መች ዓይንሽን አይቼው አውቃለሁ?" አላት።

ሰኔ ላይ የችግኝ ተከላ ቀን መጣ። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ቆመው "እያንዳንዱ ክበብ ዛፍ ይትከል! የተተከለን የነቀለ ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው!" ብለው ተናገሩ። እኔና እሷ ተያየን። ቆርችን ታውቀዋለህ፤ ለአጥር የሚተከለውን፣ ቀይ አበባ የሚያወጣውን። ግንዱን ቆርጠህ ክረምት ላይ ብትሰካው ሥር ይሰዳል። ሌሎቹ ክበቦች ስንዝር የምታህል ችግኛቸውን ሲተክሉ እኛ ጭን የሚያክል የቆርች ግንድ ተሸክመን መጥተን ልክ ከክፍላችን በር ፊት ቀበርነው። ዳይሬክተሩ መጡ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ዛፍ ነው፣ ቲቸር" አልኩ።

"ካስማ ነው!"

"ቆርች ነው፣ ይበቅላል።"

"ባይበቅልስ?"

ከወንድሟ ጀርባ ላይ ሆና "ባይበቅል ፈረሴን እሸጣለሁ" አለች። ማን ጠየቃት? ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል።

"ቢበቅልስ፣ ቲቸር?" አልኳቸው።

ተማሪው ሁሉ ይሰማል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ቢበቅል ዛፍ ነው። ዛፍ ላይ ገመድ አይታሰርም የሚል ደንብ የለኝም" አሉ።

የዚያ ክረምት ጭንቀቴን አሁንም አልረሳውም። ሐምሌን ሙሉ ደረቅ ዱላ ነው። ነሐሴ ሲገባም ዱላ ነው። ፍየል ልጡን እንዳይግጠው እሾህ አጠርንበት። የወንድሟ ጓደኞች ወደ ቆላ ወረዱ፤ እሱ ግን "ቅጠሉን ሳላይ አልሄድም" ብሎ ቀረ። ጳጉሜ ላይ ዝናቡ አባርቶ ሄጄ ሳየው ከግንዱ አናት ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። እስከ ቤታቸው ድረስ ጭቃ ለጭቃ እየጮህኩ ሮጥኩ።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት ዘበኛው ሁለቱንም የበር ክንፍ ከፈተላት። እንደ ንግሥት ገባች ብልህ ውሸት ነው፤ ተማሪው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብ ፈረሱ መሐል ግቢ ቆሞ እምቢ አለ። "እጃችሁን አውርዱ!" ብዬ ጮህኩ። ዳይሬክተሩ ከቆርቹ አጠገብ ቆመዋል፤ ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ያገላብጣሉ። ጽጌረዳቸውን በቀርቀሃ አጥረውታል። እሷ ከፈረሱ ላይ ግራ ቀኙን አየች።

"ግቢው ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?" አለች።

ወንድሟ በዚያው ሳምንት ሄደ። እስከ አስፋልቱ በፈረስ ሸኘችው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። "ደህና ሁኚ፣ ባለፈረሷ" አላትና እጁን አነሳ። ፈረሱ ተሳፋሪ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ። ወንድሟ ዘወር ብሎ ገባ፤ ማጅራቱን አየነው። ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ፈረሱን ጎተትን፣ ገፋን፣ ለመንን። አልተንቀሳቀሰም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው መንገድ ዳር ቆየን።

ወንድሟ አልተመለሰም። አንድ ሰሞን ስልክ ደወለ፤ ከዚያ ኔትወርኩም ወሬውም ጠፋ። ወባ ነው ያሉ አሉ፤ ሌላም ሌላም ያሉ አሉ። አየሁት ያለ ግን የለም። እሷ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ዛሬ ግምጃ ቤት መምህርት ናት። ፈረሱ በእርጅና ሞተ፤ ክበቡም እኛ ከወጣን በኋላ ፈረሰ። ቆርቹ ግን ከክፍሉ ጣሪያ በልጦ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ገመድ የበላው ጎድጓዳ አለ።

ባለፈው ዓመት ዘመድ ተሰብስቦ የወንድሟን ተዝካር እናውጣ አለ። ቄሱ ሳይቀሩ መጥተው ነበር። እሷ ግን አንድ ዘለላ እንባ ሳታወጣ እምቢ አለች። "ልጄ፣ ተስፋ መቁረጥም እኮ ደግ ነው" አሏት ቄሱ። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ነበር።

"አባ፣ እርስዎ ያን ቀን አልነበሩም" አለቻቸው። "እጁን አንስቶ ነው የሄደው። እጁን ያነሳ ሰው እስኪሳፈር ይጠበቃል።"